ቡፌው ውስጥ ያለው የጋሼ ካሜራ

ወንድሜ፣ እንደምን ከረምክ? ጋሼስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ሁለት ዓመት ዝም አልኩህ። እትዬ ያረፉ ጊዜ በስልክ ሁለት ቃል ብዬህ ጠፋሁ። ለቅሶ ሳልደርስ ምን ብዬ እጽፍለታለሁ እያልኩ ቀኑ ነጎደ። ይቅር በለኝ።

ዛሬ ያስጻፈኝ ካሜራ ነው። እዚህ በርሊን፣ ማወርፓርክ የሚባል ቦታ እሁድ እሁድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ አለ። ባለፈው ወር ስዞር አንድ ጠረጴዛ ላይ ፌድ 5 አየሁ። ያው የጋሼ ካሜራ! ከዩክሬኗ ካርኮቭ ትምህርት ጨርሰው ሲመለሱ ያመጡት፣ እትዬ ቡፌው ውስጥ ከስኒዎቹ ጀርባ የሚያስቀምጡት። የቆዳ ማህደሩ ሳይቀር አንድ ነው። ልቤ ድንግጥ አለ። ሌንሱን ፈትቼ የሻተሩን ጨርቅ፣ ለፊልሙ ብርሃን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን መጋረጃ፣ ወደ ብርሃን ይዤ አየሁት። ቀዳዳ ካለው ፎቶው ላይ ነጠብጣብ ይወጣል። ደህና ነበር። 40 ዩሮ ከፍዬ ወሰድኩት።

ፌድ የሚለው ስም የሶቪየት ምስጢራዊ ፖሊስ መሥራች የፌሊክስ ኤድሙንዶቪች ዠርዢንስኪ መነሻ ፊደላት ነው። ካርኮቭ ውስጥ በእሱ ስም የተቋቋመ የልጆች ማሳደጊያ ነበር። ከጎዳና ተነስተው እዚያ የገቡ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1934 የጀርመኑን ላይካ ካሜራ አስመስለው መሥራት ጀመሩ። የጋሼ ካሜራ ዘሩ ከዚያ ነው።

አሠራሩን ብታየው ትወደዋለህ። በመስኮቱ ስታይ መሐሉ ላይ ያለው ሰው ሁለት ሆኖ ይታያል። የሌንሱን ቀለበት ስታዞር ሁለቱ ይቀራረባሉ። አንድ ሲሆኑ ፎከሱ ያዘ ማለት ነው። እኔ የሸሚዝ ኮሌታ ወይም የመነጽር ጠርዝ ላይ ነው የማስተካክለው፤ ጉንጭ ላይ ያስቸግራል። የምታይበት መስኮት ሌላ፣ ፎቶውን የሚያነሳው ሌንስ ሌላ ነው። ስለዚህ የሌንሱ ክዳን ሳይነሳ ቢቀር አይታወቅህም። አምስት ፎቶ እንደዚያ ጠፋብኝ፤ በጣም አዘንኩ። የብርሃን መለኪያው ሞቷል። ሰማዩን አይቼ ነው የምገምተው። ለብርሃን ያለው ስሜት 200 በሆነ ፊልም፣ ጠራራ ፀሐይ ከሆነ፣ የሌንሱን ቀዳዳ 16፣ የሻተሩን ፍጥነት 250 ላይ አደርገዋለሁ።

ደግሞ ከ1 ሜትር በታች ቀርቦ ፎከስ አያደርግም። ጋሼ እትዬን ቡና ሲያፈሉ ለማንሳት ወደ በሩ የሚያፈገፍጉት ለዚህ ኖሯል! “አትንቀሳቀሱ” እያሉ ያን ሁሉ ጊዜ የሚያቆሙን፣ እትዬም “ኧረ ቡናው ገነፈለ” የሚሉት። አንድ ፊልም 36 ፎቶ ብቻ ነው። አሁን እኔም ሰው ፊት ቆሜ እንደዚያ እጠብቃለሁ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ካሜራው አሁንም ቡፌው ውስጥ ካለ አውጣው። የፍጥነቱን ቁልፍ እንዳትነካ፤ ሻተሩ ሳይሳብ ከዞረ ውስጡ ይበላሻል። ከላይ በስተግራ ያለውን የፊልም መጠቅለያ ብቻ ቀስ አድርገህ አዙረው። እንደልቡ ከዞረ ባዶ ነው። ከያዘህ ግን ውስጡ ፊልም አለ። ጀርባውን እንዳትከፍተው፤ ብርሃን ከገባበት አለቀ። የተነሳ ፊልም ሳይታጠብ ብዙ ዓመት ቢቀመጥ ይደበዝዛል እንጂ ብዙ ጊዜ ምስል ይገኝበታል። እዚህ አሮጌ ፊልም የሚያጥቡ አሉ። ጋሼን አስፈቅደህ፣ እንዳለ፣ በሰው ላክልኝ።

ወንድምህ