የተሰበረው ክንፍ ሥራውን ሠርቷል

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ አውሮፕላን ክንፍ የጭነት ሙከራ ያወጣችሁት ጽሑፍ፣ ክንፉ በሙከራ መሰበሩን እንደ አምራቹ ውድቀት መቁጠሩ አንባቢን ያሳስታል።

ደንቡ የሚጠይቀው፣ ክንፉ በአገልግሎት ላይ ይገጥመዋል ተብሎ ከሚጠበቀው ከፍተኛ ጭነት 1.5 እጥፉን ለ3 ሰከንድ እንዲሸከም ነው። ከዚያ በላይ የሚጫነው መጨረሻውን ለማወቅ ነው። የቦይንግ 777 ክንፍ በ1995 እ.ኤ.አ. ሲፈተን ጫፉ ከ7 ሜትር በላይ ወደ ላይ ጎብጦ ከሚጠበቀው ከፍተኛ ጭነት በ154 በመቶው (በ1.54 እጥፉ) ተሰበረ። ይህ የሚያስመሰግን ስሌት ነው። በ200 በመቶ ቢሰበር ኖሮ ክንፉ ያለ አግባብ ከብዷል ማለት ነበር፤ ትርፍ ክብደት ደግሞ በየበረራው ነዳጅ ይበላል።

ሙከራው ጉድለትንም ያጋልጣል። የኤርባስ ኤ380 ክንፍ በ2006 እ.ኤ.አ. 1.5 ሳይደርስ፣ በ1.45 እጥፍ አካባቢ ተሰበረና እንዲጠናከር ተደረገ። ጉድለቱ የታወቀው መሬት ላይ፣ አንድም መንገደኛ ሳይሳፈር ነው። ከዚህ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል?

ክንፍ ወደ ላይ ሲጎብጥ የታችኛው ገጹ ይሳባል፣ የላይኛው ይጨመቃል፤ የተጨመቀው ገጽ ድንገት ተጨማዶ ሲታጠፍ ክንፉ ይሰበራል። ይህን በቃል ብቻ ማስተማር አይበቃም። ስለዚህ በአዳማ ያሉ የቴክኒክና የምህንድስና ተቋማት ተማሪዎች ከቀጭን እንጨት ክንፍ ሠርተው፣ የሚሰበርበትን ጭነት አስቀድመው አስልተው፣ በአሸዋ ከረጢት እስኪሰበር የሚጭኑበት ዓመታዊ ውድድር ያዘጋጁ። ጋዜጣችሁም ስሌቱንና ውጤቱን ጎን ለጎን ያትም።

አንድ አንባቢ፣ ከአዳማ