የከሰሩትንም ጻፉልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን ሚኒያፖሊስ ስላሉ ነጋዴዎቻችን ያወጣችሁትን አነበብኩ። እጃችሁ ይባረክ። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ የጻፋችሁት ያለፈለትን ሰው ብቻ ነው። ይህቺ ከተማ ግን የከሰረውንም የተቃጠለውንም በአደባባይ ታሳያለች። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያለውን ዋሽበርን ኤ የተባለ የዱቄት ፋብሪካ ውሰዱ። ያኔ የቅዱስ አንቶኒ ፏፏቴ ጉልበት ወፍጮዎቹን ያዞር ነበር። ሜይ 2 ቀን 1878 ማታ አየር ላይ የተከማቸው የዱቄት ብናኝ ፈነዳ። የተፋጩ የወፍጮ ድንጋዮች ያወጡት ብልጭታ ነው ያቀጣጠለው ተባለ። 18 ሠራተኞች ሞቱ፤ አጠገቡ ያሉ ፋብሪካዎችም ወደሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ተሠራ፣ በ1965 ተዘጋ፣ በ1991 ደግሞ እሳት በላው። ሌላ ቦታ ቢሆን ፍርስራሹ ተጠርጎ ኮንዶሚኒየም ይቆምበት ነበር። እዚህ ግን ግድግዳውን ደግፈው በ2003 ውስጡ ሙዚየም ከፈቱ። በዕቃ ማመላለሻው ሊፍት ፎቅ ለፎቅ ስትወጡ የድሮ ሠራተኞች በገዛ ድምፃቸው ሥራቸውን ይነግሯችኋል። ካላያችሁት እዩት።

መሃል ከተማ ደግሞ ባለ 32 ፎቁ ፎሼይ ታወር አለ። ዊልበር ፎሼይ የተባለው ባለሀብት ስሙን በአራቱም ጎን በትልልቅ ፊደል አስጽፎ በ1929 ኦገስት ማብቂያ ላይ አስመረቀው። ለምርቃቱ ማርሽ የደረሰለት ጆን ፊሊፕ ሱዛ ነበር። የተከፈለው የ20,000 ዶላር ቼክ ግን ደረቅ ቼክ ሆኖ ቀረ። በዚያው ዓመት የአክሲዮን ገበያው ተንኮታኮተ፣ ሰውየውም በማጭበርበር ተከሶ ወህኒ ወረደ። ስሙን ከሕንፃው ላይ የፋቀ የለም። ዛሬ ሆቴል ነው፤ ታሪኩን ደግሞ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ያስጎበኛሉ።

የተሳካለትን ስትጽፉም እንደ መሐንዲሱ ኧርል ባከን ታሪክ ይሁን። በ1949 ከአማቹ ጋር ጋራዥ ውስጥ የሕክምና መሣሪያ ኩባንያውን ሜድትሮኒክን ሲጀምር የመጀመሪያው ወር ገቢያቸው 8 ዶላር ነበር። በ1957 መብራት ጠፍቶ በግድግዳ ኤሌክትሪክ በሚሠራ የልብ መሣሪያ የምትረዳ ሕፃን ነፍስ አለፈ። የልብ ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ሊለሃይ ባከንን መላ በለኝ አለው። ባከንም መጽሔት ላይ ካየው የሙዚቃ ምት መቁጠሪያ ንድፍ ተነስቶ በአራት ሳምንት ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ) አደረሰለት። ታሪኩ የሚጥመው 8 ዶላሩና የመብራት መጥፋቱ ስላልተዘለለ ነው።

ወደ እኛ ልምጣ። ሲዳር ሪቨርሳይድ ከእኛና ከሶማሌዎቹ በፊት የስዊድን፣ የኖርዌይና የዴንማርክ ስደተኞች ሰፈር ነበር። ዴንማርኮቹ በ1886 የሠሩት አዳራሽ በ2000 ተቃጥሎ ዛሬ የለም። ሆኖም ማን እንደሠራው፣ ምን ቲያትር እንደታየበት ሁሉ ይታወቃል፤ ጽፈውታላ። እኛስ? የመጀመሪያውን እንጀራ ቤት ማን እንደከፈተው ሦስት ሰው ብትጠይቁ ሦስት ስም ትሰማላችሁ። በ2020 ከጆርጅ ፍሎይድ ግድያ በኋላ በተነሳው ሁከት ሌክ ስትሪት ላይ ብዙ የስደተኛ ሱቅ ሲቃጠል አብሮት የሄደው ወረቀትና ፎቶ ቤት ይቁጠረው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። በወር አንድ ጊዜ እንኳ ለተዘጉት ቦታ ስጡ። ኪራዩ ስንት ነበር? መነሻው ከእቁብ ነው ከባንክ? ምጣዱን ማን አመጣ? ለምን ተዘጋ? አንዳንዱ ማፈሩ አይቀርም፤ እኛ ሰፈር ከሰርኩ ማለት ነውር ነው። ስም ሳትጠቅሱ ጻፉለት። በዕድሜ የገፉትን ግን አታቆዩአቸው፣ ከእነሱ ጀምሩ። የድሮ ፎቶና የእቁብ ደብተር ያላቸውን ሰዎች አውቃለሁ፤ ፈቃደኛ ከሆናችሁ አገናኛችኋለሁ።

አክባሪያችሁ
አንድ አንባቢ፣ ከሚኒያፖሊስ