የጣናን ሰፍነግ አብረን እንመዝግብ

በስቅለት ዕለት ወንጌሉ ሲነበብ ሰፍነግ የሚለውን ቃል ሁላችንም ሰምተናል። ሆምጣጤ የተነከረበት ያ ነገር እንስሳ ነው። ተክል ይመስላል እንጂ ተክል አይደለም። ውሃውን በደቃቅ ቀዳዳዎቹ ያስገባል፣ ምግቡን ያጠልላል፣ የቀረውን ይተፋል። አብዛኞቹ ሰፍነጎች የጨው ባሕር ነዋሪዎች ናቸው። ግን ጣናም የራሱ አለው! በ2008 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተመራማሪዎች ከጣና የተገኘውን አዲስ ዝርያ ማኬዲያ ታነንሲስ ብለው ሰየሙት። ስሙን ስሰማ ንግሥት ማክዳ ትዝ አለችኝ። ባሕር ዳር ተወልጄ አድጌ ይህን ያወቅሁት በቅርቡ መሆኑ እስካሁን ይቆጨኛል።

እምቦጭ ሐይቁን ሲወር ብዙዎቻችሁ ገንዘብም ጉልበትም አዋጥታችኋል። ያኔ ጣናን ምን እንደሚጎዳው አወቅን። በውስጡ ምን እንዳለ ግን ገና ቆጥረን አልጨረስንም። ስለዚህ መምህራን፣ ተማሪዎችና ዓሣ አስጋሪዎች ሆነን በጎጃም በኩል ያለውን ዳርቻ፣ ከባሕር ዳር በዘጌ አድርገን እስከ ቁንዝላ፣ ለመመዝገብ ተነስተናል።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። የሰፍነግ መልክ እንደ ድንጋዩና እንደ ውሃው ስለሚለዋወጥ በዓይን ብቻ አይለይም። መለያው በሰውነቱ ውስጥ ያሉት መስታወት መሰል መርፌዎች ናቸው። ሥጋው በአሲድ ሲሟሟ እነሱ ይቀራሉ፤ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ዓምና የናሙናዎቹን መለያ ወረቀቶች በእስክሪብቶ ጽፈን ናሙናዎቹ የተቀመጡበት አልኮል ቀለሙን አጠፋብን። የትኛው ከዘጌ፣ የትኛው ከግልገል ዓባይ መግቢያ እንደመጣ ጠፋን። ቦታው ያልታወቀ ናሙና ደግሞ ለመዝገብ አይሆንም። ያ ሁሉ ድካም ቀረ። አሁን በእርሳስ ነው የምንጽፈው።

ጊዜው አጭር ነው። ሐይቁ የሚጎድለው ግንቦትና ሰኔ አካባቢ ነው፤ ድንጋዮቹ ያኔ ይገለጣሉ። ብዙ የወንዝና የሐይቅ ሰፍነጎች ውሃው ሲሸሽ ፍሬ መሰል ደቃቅ እንክብሎች ትተው ይሞታሉ። ውሃው ሲመለስ ከእነሱ ዳግም ያድጋሉ። እነዚያንም መልቀም እንፈልጋለን። ክረምቱ ከገባ በኋላ ግን ወንዞቹ ደለል ይዘው ስለሚመጡ በቃ፣ ምንም አይታይም።

ከሁሉም በላይ የጎደለን ማይክሮስኮፕ ነው። ያገለገለም ቢሆን በደስታ እንቀበላለን። ከዚያ ንጹሕ አልኮል፣ የጀልባ ነዳጅ፣ ለታንኳ ቀዛፊዎች የቀን አበል። ገንዘብ ባይኖራችሁ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የማር ብልቃጥ አትጣሉ፤ አጥባችሁ ላኩልን። ከጎጃም ርቃችሁ ያላችሁም በባሕር ዳር ዘመዶቻችሁ በኩል ማድረስ ትችላላችሁ። የገባውንና የወጣውን በየወሩ ለሁሉም እናሳውቃለን። መዝገቡ ሲያልቅ ቅጂው በዳርቻው ላሉ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል።