ካርታውን እሳት ውስጥ የጨመረችው እናት

ውድ የኅብረታችን እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን!

የአሜሪካ ሜቶዲስቶች (የፕሮቴስታንት ወገን ናቸው) እናት ስለምትባለው ስለ ባርባራ ሄክ እጽፍላችኋለሁ ብዬ ነበር። ይኸው። ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ባርባራ በ1734 አየርላንድ ተወለደች። ወገኖቿ ከጀርመን የተሰደዱ ነበሩ። በ1760 ከባሏ ከፖል ጋር ኒውዮርክ ገባች። እዚያ የብዙዎቹ እምነት ቀዝቅዞ ነበር።

በ1766 አንድ ቀን ዘመዶቿ ካርታ ሲጫወቱ ደረሰችባቸው። ካርታውን በሽርጧ አፍሳ እሳት ውስጥ ጨመረችው ይባላል። (ሴትዮዋ ቀልድ አታውቅም!) ከዚያ በቀጥታ ወደ ዘመዷ ወደ ፊሊፕ ኤምበሪ ሄደች። ኤምበሪ አየርላንድ እያለ ይሰብክ ነበር፤ ኒውዮርክ መጥቶ ዝም አለ። ካልሰበክህ ብላ ያዘችው። ሰሚ የለኝም ቢላት ሰዎቹን ራሷ ሰበሰበች። የመጀመሪያው ቀን የተገኙት አምስት ብቻ ናቸው። በ1768 ግን ጆን ጎዳና ላይ የጸሎት ቤት ተሠራ።

በአሜሪካ አብዮት ቤተሰቡ ከእንግሊዝ ንጉሥ ወገን ስለቆመ ወደ ካናዳ ተሰደደ። እዚያም ኅብረት አቋቋሙ።

ነሐሴ 1804 ልጇ ቤት፣ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች አረፈች። ጀርመንኛ መጽሐፍ ቅዱሷ ጭኗ ላይ ተከፍቶ ነበር።