ርዕሰ መምህሮቻችንን ከስብሰባ መልሱልን

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከከተማው ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱ ነው። የሂሳብ መምህር ነኝ። ጉዳዬ ደመወዝ አይደለም። (እሱም ቢነሳ አልጠላም፤ ለዛሬ ግን ይቆይ።) የርዕሰ መምህሩ ሥልጣን ነው።

በወረቀት ላይ ርዕሰ መምህር ክፍል ገብቶ ያያል፣ መምህሩን ያግዛል፣ ብቁ ያደርጋል። በተግባር ጠዋት ስብሰባ ይጠራል፤ ከሰዓት ሪፖርት ይጠየቃል። በመሀል የተሰበረ ዴስክ አለ፣ የጠፋ ውሃ አለ። ክፍል የሚገባው ብዙ ጊዜ የመምህራን ምዘና ሲደርስ ነው፤ ያውም አስቀድሞ ተነግሮን። ያን ቀን ሁላችንም ጎበዝ ነን። ቻርት ይሰቀላል፣ የቡድን ውይይት ይደምቃል፣ ተማሪዎቹ እንኳ ነገሩ ገብቷቸው ጨዋ ይሆናሉ። ቅጹ ይሞላል፣ ይፈረማል፣ አለቀ። «ክፍልፋይ ላይ ስትደርስ ልጆቹ ጠፍተውብሃል» የሚለኝ ግን የለም።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ጣት መምህሩ ላይ ተቀሰረ። ይሁን። ግን ከዚያ በፊት ክፍሉ ገብቶ ያየ ማን ነበር?

ሥልጣን ስል የመቅጣት ማለቴ አይደለም። እሱ ሞልቷል። ሰው ድክመቱን ነጥብ ለሚሰጠው አያሳይም፤ ነጥቡ ለደረጃ ዕድገት ይቆጠራላ! ስለዚህ ለማገዝ የሚደረግ ምልከታ ከምዘናው ይለይ፤ ውጤት አይያዝበት። ደግሞ የታሪክ ምሩቅ የሆነ ርዕሰ መምህር ኬሚስትሪ ክፍል ገብቶ የክፍሉን ጸጥታ ያያል እንጂ የትምህርቱን ስህተት ላያይ ይችላል። የትምህርት ክፍል ተጠሪዎችን ክፍለ ጊዜ ቀንሶ እነሱን የማስገባት መብት ይኑረው።

ሲፒዲም (የመምህራን ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) እንዲሁ ነው። ማዕቀፉ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ሙያውን እንዲያሻሽል ይጠይቃል። ብዙው ሰዓት የሚያልቀው ፋይል ውስጥ ነው፤ የአምናው ዕቅድ ቀኑ ተቀይሮ ይታሰራል። ርዕሱን ከላይ ከምትልኩልን፣ ርዕሰ መምህሩ ክፍል ውስጥ ካየው ተነስቶ ከእኛ ጋር ይምረጥ። ዳር ባሉ አዳዲስ ትምህርት ቤቶች ጀማሪ መምህር ብዙ ነው። አማካሪ መምህር የሚመደብለት በስም ብቻ ከሆነ ሥራውን የሚለምደው በልጆቹ ላይ ነው።

ለጊዜው አንድ ሰርኩላር ይበቃናል፦ ከመጪው መስከረም ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጠዋት ርዕሰ መምህር ለስብሰባ እንዳይጠራ። በጀት አይጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሂሳብ መምህር፣ ቱሉ ዲምቱ