ለልጄ፦ በንዴት አትጻፊ

የኔ እናት፣

አክስትሽ ገጽሽ ላይ የጻፍሽውን ስክሪንሾት አድርጋ ላከችልኝ። ከሥሩ አንድ ቃል አልጨመረችም፤ ታውቂያታለሽ። ኤቲስት መሆንሽን፣ በፈጣሪ መኖር አለማመንሽን ግን ዛሬ አይደለም ያወቅኩት። የጸሎት ሰዓት ሲደርስ ሰበብ ፈልገሽ ወደ ክፍልሽ መግባት ስትጀምሪ ገብቶኛል። እስክትነግሪኝ እየጠበቅኩ ነበር። ሕዝቡ ቀደመኝ፤ ትንሽ ከንክኖኛል።

ስላላመንሽ አልቆጣሽም። እኔ አምናለሁ፣ ስላንቺም እጸልያለሁ፤ ይህን አትከልክዪኝ። ያስቆጣኝ የመጨረሻው መስመርሽ ነው። "አላምንም" ስትዪ ስለ ራስሽ ነው የተናገርሽው። "የሚያምን ሁሉ ደደብ ነው" ስትዪ አያትሽንም ጨመርሽ። ያሳደገችሽ ሴት ደደብ ናት? በንዴት አትጻፊ ልጄ።

መብት እንደሆነ አውቃለሁ። በፈረንጆቹ 1948 የወጣው የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 18፣ እምነትን መለወጥም መብት ነው ይላል። ግን ናይጄሪያዊውን ሙባረክ ባላን አስቢ። ሃይማኖቱን መተዉን ሲናገር፣ በ2014 የገዛ ቤተሰቡ የአእምሮ ሆስፒታል አስገባው። በ2020 ደግሞ በፌስቡክ በጻፈው ታሰረ። 24 ዓመት ተፈረደበት፤ በ2024 በይግባኝ ወደ 5 ዓመት ወረደለት። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ፍርዱ ብቻ አይደለም፣ ሆስፒታሉ ነው። ቤተሰቡ! ማን ምን ቢል እኔ ልጄን በሽተኛ አልልም።

አጎትሽም እንዳንቺው ነበር። አላወቅሽም አይደል? የነገረው ለእኔ ብቻ ነው። በየሰርጉ "አሜን" ይልና ወደ እኔ ዞሮ ይጠቅሰኛል፤ እንስቅ ነበር። ሲታመም ሰዉ እየመጣ ጸለየለት። ዓይኑን ጨፍኖ ተኛ። ሁሉም ሲወጡ፣ "አንድ ቀን እንኳ ራሴን ሆኜ ከሰው ጋር አልተቀመጥኩም" አለኝ። ቀብሩ ላይ "እንዴት ያለ መንፈሳዊ ሰው!" እየተባለ ተወደሰ። የማን ቀብር ላይ እንደቆምኩ ግራ ገባኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ዝም በይ ማለት አቅቶኛል። ብቻ በንዴት አትጻፊ። ሲመሽማ ጨርሶ አትጻፊ።

የሥራ ቦታሽን ስም ከገጽሽ ላይ ዛሬውኑ አጥፊ። የይለፍ ቃልሽን ቀይሪ። ወንድምሽን ታግ አታድርጊው፤ እሱ ገና ተማሪ ነው። የቤት ኪራይ ውልሽ መቼ ነው የሚያልቀው? አከራዮችሽ ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አይታወቅም፤ የአንድ ወር ኪራይ ለብቻ አስቀምጪ። ከጎደለሽ ንገሪኝ፣ እንዳትበደሪ።

አያትሽ ካንቺ አፍ ትስማው፤ ስልክ ከሚያነብላት ሰው እንዳትሰማው። ካለቀሰች ታልቅስ፣ አትከራከሪያት።

አባትሽ ገና አላየውም። እሱንም ራስሽ ንገሪው። እሑድ ከሰዓት፣ ከእንቅልፉ ሲነሳ ደውዪ፤ ያኔ ለዘብ ይላል። ጠዋት እንዳትሞክሪው።

እናትሽ