ጉበትህ ላይ ስላለው ስብ

ወንድሜ፣ እንደምን ከረምክ? ጠፋሁ አይደል? ሥራው፣ ልጆቹ፣ ክረምቱ... ሰበብ አላበዛብህም። እማማስ ደህና ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው?

በአልትራሳውንድ ጉበትህ ላይ ስብ ታየ ያልከኝን ሳስብ ነው ይህን የምጽፍልህ። «ይሄ ጠላት ከየት መጣብኝ» ብለሃል። እኔ እንኳ ጠላት አልለውም፤ እንጀራዬም ሆኗል። ላብራቶሪ ውስጥ ህዋሶቹን ኦሌይክ አሲድ፣ ያው ወይራ ዘይት ውስጥ የሚበዛውን ፋቲ አሲድ (ስብ የሚሠራበትን ነገር)፣ አጠጥተን እናሳድራቸዋለን። ጠዋት ቦዲፒ የሚባል ቀለም ጨምረህ በማይክሮስኮፕ ስታያቸው አረንጓዴ የሚያበሩ ክብ ክብ የስብ ጠብታዎች ሞልተዋቸዋል። ደስ ሲሉ!

አሠራሩ እንዲህ ነው። ህዋስ ውስጥ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም የሚባል ሽፋኑ በሁለት ንጣፍ የተሠራ መረብ አለ። ትርፍ ፋቲ አሲድ ሲመጣ እዚያ ያሉ ኢንዛይሞች ወደ ትራይግሊሰራይድ (የሚከማቸው ስብ) ይለውጡትና በሁለቱ ንጣፎች መሃል ይጠራቀማል፤ ሲበዛ ወጥ ላይ እንደሚንሳፈፍ ዘይት ይሰባሰብና አንደኛውን ንጣፍ እየገፋ ይወጣል። ለዚህ ነው ጠብታው አንድ ንጣፍ ብቻ የሚለብሰው። ከዚያ አንዳንዶቹ ኢንዛይሞች ተሻግረው እላዩ ላይ ይሰፍሩና እዚያው ስብ እየሠሩ ያሳድጉታል። ቆዳ ሥር ባሉት የስብ ህዋሶች ደግሞ ትንሹ ጠብታ ያለውን ለትልቁ ያስረክባል። መጨረሻ ላይ አንዱ ብቻ ህዋሱን ሞልቶ ኒውክሊየሱን ሳይቀር ጥግ ያስይዘዋል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሴይፒን ነው። ጠብታው የሚወጣበትን ቦታ የሚይዝ ፕሮቲን ነው፤ በሰው ላይ 11ዱ ተያይዘው ቀለበት ይሠራሉ። እሱ ከተበላሸ ጉድ ይፈላል። እ.ኤ.አ. በ2001 ጂኑ የታወቀው ቆዳቸው ሥር ስብ የለም በሚባልባቸው ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ነው። ስታያቸው ጡንቻቸው የወጣ ስፖርተኛ ይመስሉሃል፣ ግን ስኳር አለባቸው፣ ጉበታቸውም በስብ ተሞልቷል። ማስቀመጫ ያጣ ስብ የትም ያርፋላ!

ያንተም ጉበት ሌላው ቦታ ያልቻለውን ትርፍ ነው የተሸከመው። ከክብደትህ ከ7 እስከ 10 በመቶ ብትቀንስ በደንብ ይቀልለታል፤ ሐኪምህም ይህንኑ ሳይልህ አይቀርም። «ጉበት ያጸዳል» እያሉ የሚሸጡትን ቅጠል ግን በናትህ ተወው። የደም ምርመራ ካሠራህ ውጤቱን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። እሁድ ማታ እደውላለሁ፣ አንሣ እሺ?